የ11 ዓመት ልጅ ለአዋቂ በተዘጋጀ የራፕ ኮንሰርት ላይ ትገኝ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በሚቀጥለው ወር፣ ቅዳሜ ምሽት፣ አንድ ራፐር ከአዲስ አበባ መጥቶ በስታዲየም ኮንሰርት ያቀርባል። ልጄ ዘፈኖቹን ከቲክቶክ እየሰማች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ ትወጣቸዋለች። ሰሞኑን የጆሮ ማዳመጫዋን ተቀብዬ ብሰማው ስለ መጠጥ፣ ስለ ወንድና ሴት ግንኙነት የሚያወራ፣ ስድብም ያለበት ሆኖ አገኘሁት። የእኅቴ ልጅ 20 ዓመቱ ነው፤ ቲኬት ገዝቶላት ‹እኔ ይዣት እሄዳለሁ› ብሏል። አባቷ ‹የባለጌ ሙዚቃ ነው፣ በጭራሽ› ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። እሷ ደግሞ ‹ከክፍላችን የምቀረው እኔ ብቻ ነኝ› እያለች ታለቅሳለች። ብከለክላት ትጠላኛለች፣ ብፈቅድላት ልጄን አበላሻለሁ ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎን ከአንድ ጊዜ በላይ አነበብኩት። እዚሁ ጅማ በሕፃናትና በወጣቶች የሥነ ልቦና ምክር ስሠራ በቆየሁባቸው ዓመታት ይኸው ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ብዙ ጊዜ ደርሶኛልና ጭንቀትዎ ይገባኛል። መልሴን ላላዘግይብዎት፦ በጻፉልኝ ሁኔታ፣ ማለትም በምሽት፣ ቆሞ በሚጨፍር ሕዝብ መካከል፣ ከ20 ዓመት ወጣት በቀር ሌላ አዋቂ አብሯት ሳይኖር፣ ልጅዎ ወደዚህ ኮንሰርት እንድትሄድ አልመክርም። ይሁን እንጂ እዚህ ውሳኔ ላይ የደረስኩት ባለቤትዎ በደረሱበት መንገድ አይደለም። የምክንያቱ ልዩነት ለልጅዎ የምትነግሯትን ቃል፣ ከዚያም በኋላ በቤታችሁ የሚሆነውን ሁሉ ስለሚለውጠው ሐሳቤን በዝርዝር ላስረዳዎት።

ወላጆች ይህን ጥያቄ ሲያነሡ በአብዛኛው የሚያስጨንቃቸው ግጥሙ ነው። ግጥሙ ግን ቤትዎ ከገባ ቆይቷል። ልጅዎ በቃሏ የምትወጣውን ዘፈን ስታዲየም ሄዳ ብትሰማው ከቃላቱ ውስጥ ለጆሮዋ አዲስ የሚሆን ብዙ አይኖርም፤ ባትሄድም የምትረሳው አይደለም። ስለዚህ «ትሂድ ወይስ አትሂድ» የሚለውን በግጥሙ ብቻ ከመዘናችሁት ውሳኔው የማያስተካክለውን ነገር እንዲያስተካክል ትጠብቃላችሁ ማለት ነው። ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አሉ፤ አንደኛው ዘፈኑ ነው፣ ሁለተኛው ሌሊቱ ነው። ዘፈኑ መነጋገር ይፈልጋል። ሌሊቱ ግን ውሳኔ ይፈልጋል፤ ውሳኔውም መመዘን ያለበት በዚያ ሌሊት ልጅቷ የት እንደምትቆም፣ ከማን ጋር እንደምትሆን፣ ምን እንደምታይና እንዴት ወደ ቤት እንደምትመለስ ነው።

ወደ ሌሊቱ ከመግባቴ በፊት ባለቤትዎ ስላሉት ነገር ጥቂት ልበል። «የባለጌ ሙዚቃ» የሚለው ፍርድ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ የመጀመሪያው ዋጋም ልጅቷ ከእንግዲህ ስለምትሰማው ነገር ለአባቷ ምንም አለመንገሯ ነው። ፍርዱ እውነትም ሙሉ አይደለም። ራፕ የበቀለበት የሂፕሆፕ ባህል ጅማሬ ሲተረክ የሚጠቀሰው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ በሚገኝ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የተደረገ የሰፈር ልጆች ጭፈራ ነው። ሙዚቃውን ያጫወተው ዲጄ ኩል ኸርክ ሲሆን ድግሱን ያዘጋጀችው ትምህርት ቤት ሲከፈት የምትለብሰውን ለመግዣ ገንዘብ የፈለገችው እኅቱ ነበረች። ከዚያ የተነሣው ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካዊውን ራፐር ኬንድሪክ ላማርን በአገሩ ትልቅ ክብር ላለው ለፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት አብቅቶታል፤ ያ ሽልማት ከዚያ በፊት ከክላሲካልና ከጃዝ ሙዚቃ ውጭ ተሰጥቶ አያውቅም ነበር። እኛም ብንሆን በምት እየጠበቁ ቃል መደርደር፣ ራስን ማወደስና ባላንጣን መዝለፍ ከቀረርቶና ከፉከራ የምናውቀው ነገር ነው። የሽለላ ግጥም «ገደልኩ፣ ጣልኩ» ሲል ሰምቶ ያደገ ሰው የራፕን ጉራ ሲሰማ ከሰማይ የወረደ ዱብ ዕዳ አድርጎ ሊያየው አይገባም። ጥበቡ በራሱ ነውር የለበትም። ያለንበት ጥያቄ ይህ ዘፋኝ ለማን ብሎ ዘፈነ የሚለው ነው፤ ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት የዘፈነው ለአዋቂ ነው።

ለአዋቂ የተባለው ይዘትም ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት የወሲብ ይዘት ያላቸውን ዘፈኖች ለሁለት ከፍሎ ተመልክቷቸው ነበር። ሴትን እንደ ዕቃ፣ ወንድን ደግሞ እንደማይጠግብ ፍጡር የሚስሉ ዘፈኖችን አዘውትረው የሰሙ ልጆች ቀደም ብለው ወደ ወሲብ የመግባታቸው ነገር ከፍ ብሎ ሲታይ፣ ስለ ግንኙነት ቢያወሩም ሰውን ከማያዋርዱ ዘፈኖች ጋር ግን እንዲህ ያለ ዝምድና አልተገኘም። እንዲህ ያለ ጥናት ዝምድናን እንጂ መንስኤን ብቻውን አያረጋግጥም። ዘፈኑ ልጁን ለወጠው ወይስ ወደዚያ ያዘነበለው ልጅ ዘፈኑን መረጠው የሚለውን ሙሉ በሙሉ አይለይም። ለእኔ ግን በሥራዬ የጠቀመኝ ክፍፍሉ ነው። ወላጅ ዘፈን ሲመረምር «ስለ ወንድና ሴት ያወራል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይበቃውም። «በዚህ ዘፈን ውስጥ ያለችው ሴት ሰው ናት ወይስ ዕቃ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህን ጥያቄ የ11 ዓመት ልጅ ራሷ ልትመልሰው ትችላለች፤ ከጠየቋት ደግሞ መልሷ ሊያስገርምዎት ይችላል።

እዚህ ላይ ከቢሯችን አንድ ነገር ላካፍልዎት፤ የልጆቹን ማንነት የሚገልጥ ነገር ቀይሬያለሁ። በአንድ ዘፈን ውስጥ ወንዱ ልጅቷን በምሽት ቤቱ መጥታ ቡና እንድትጠጣ የሚጋብዝበት ስንኝ ነበር። የ10 ዓመት ልጅ «ምን ማለቱ ይመስልሻል?» ብዬ ስጠይቃት ያለማመንታት «ቡና አፍልቶ ሊያጠጣት ነው፤ ግን ወንድ ቡና ያፈላል እንዴ?» አለችኝ። ቡና ቀን ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ቤት ላደገች የጅማ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምክንያታዊ መልስ አልነበረም። ያንኑ ስንኝ ለ12 ዓመት ተኩል ልጅ ሳነብላት አልመለሰችልኝም፤ ሳቋ አመለጣትና የሹራቧን እጅጌ እየሳበች ወለሉን ማየት ጀመረች። ሁለቱ ልጆች የሰሙት አንድ ዘፈን ነው። አንደኛዋ የሰማችው ሰሙን ነው፣ ሁለተኛዋ ግን ወርቁ ጋ ደርሳለች። ወርቁ ጋ መድረሷን ያወቅኩት ከማፈሯ ነው።

ይህ ዕድሜ እንዲህ ያለ መሸጋገሪያ ነው። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ዣን ፒያዤ ረቂቅ ነገርን የማሰብ ችሎታ መጎልመስ የሚጀምረው ከ11 ወይም ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው ይላል። ቅኔን፣ ምጸትን፣ «እንዲህ ሲል እንዲህ ማለቱ ነው» የሚለውን የቃል ጨዋታ አብጠርጥሮ የመለየት ዐቅም የሚመጣውም ከዚያ ጋር ነው። ልጅዎ ገና በሩ ላይ ናት። የስንኙን ሩብ ትረዳለች፣ ሩቡን በስሕተት ትረዳለች፣ የቀረውን ደግሞ እንደ መዝሙር ሸምድዳዋለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የአራዳ ቋንቋ በቤት አማርኛ፣ በሰፈር ኦሮምኛ እየሰማች ለምታድግ ልጅ እንደ ሦስተኛ ቋንቋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ «እነዚህን ቃላት በቃሏ ስለያዘቻቸው ልቧ ተበላሽቷል» ብለው አይደምድሙ። የያዘችው በአብዛኛው ምቱን ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነውና።

አንዳንድ ወላጆች የሚያነሡት መልካም ክርክር አለ፦ ልጆቻችንን ሠርግ ይዘን እንሄድ የለም ወይ? በሠርግ ቤትም መጠጥ አለ፣ አዝማሪ ከመጣ ግጥሙ ጆሮ የሚያስይዝ ሊሆን ይችላል፣ ልጆችም በመሐል እየተሯሯጡ ያመሻሉ። እውነት ነው። በሠርግ ቤት ውስጥ ግን ልጅቷ የሁሉም ልጅ ናት። አንዱ የሰከረ ሰው እጇን ቢይዛት አክስቷ ታያለች፣ ጎረቤት ይጮኻል፣ የማታውቃቸው ሽማግሌ እንኳ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ወደ እናቷ ይመልሷታል። በኮንሰርት ሜዳ ላይ ግን የማንም ልጅ አይደለችም። ዙሪያዋን ያለው ሰው የመጣው ራሱን ሊያስደስት ነው፤ ከፊቱ ያለችው ልጅ ናት ወይስ አጭር አዋቂ ብሎ የሚያጣራበት ብርሃንም ሐሳብም የለውም። እኔ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ልዩነት ከግጥሙ ጸያፍነት በላይ አከብደዋለሁ።

ከዚህም በላይ ልጅ የምትማረው በጆሮዋ ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 ባደረገው ዝነኛ ሙከራ፣ አዋቂ ሰው የላስቲክ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ማንም ሳያዛቸው ያንኑ ድብደባ ሲደግሙት ታይቷል። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ቃል ልጅቷ በራሷ ዓለም ውስጥ የምትጫወትበት ቃል ሊሆን ይችላል። ያንኑ ቃል በሺዎች የሚቆጠሩ አዋቂዎች እጃቸውን አንሥተው፣ ጠርሙስ ጨብጠው፣ በደስታ ሲጮኹት ስታይ ግን ቃሉ የትልልቅ ሰዎች ኑሮ መመሪያ ሆኖ ይታተምባታል። ስለ መጠጡ ካነሣሁ ዘንድ፣ በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ይዟት ሊሄድ የፈለገው የእኅትዎ ልጅም በዚህ ሕግ ፊት ገና ያልደረሰ ነው።

የጅማ ሰው ስታዲየም ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ኳስ ነው፤ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣበትን 2010 ዓ.ም. የሚረሳው የለም። አባቷ ለኳስ ይዘዋት ሄደው ከሆነ «ስታዲየሙን ታውቀዋለች» ብለው እንዳይዘናጉ። ኳስ የሚታየው በቀን፣ በመቀመጫ ላይ ሆኖ፣ ሜዳው ላይ ተመልካች ሳይወርድ ነው። በኮንሰርት ጊዜ ግን ሰው የሚቆመው ሜዳው ላይ ነው፤ ዋናው ዘፋኝ ሲወጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ መድረኩ ይገፋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 ሰው በላይ ሲቆም እያንዳንዱ ሰው በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀሱን ያጣና ሕዝቡ እንደ ውኃ መወዛወዝ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 2021 በሂውስተን ከተማ ራፐር ትራቪስ ስኮት ባቀረበው የአስትሮወርልድ ኮንሰርት ላይ 10 ሰዎች የሞቱት በዚህ ምክንያት ነው፤ የገደላቸው መረገጥ ሳይሆን ደረታቸው ተጨንቆ አየር ማጣታቸው ነበር። ከሟቾቹ መካከል ትንሹ የ9 ዓመት ልጅ ሲሆን፣ የመጣው ከአባቱ ጋር ነበር፤ አባቱ ትከሻው ላይ አስቀምጦት ሳለ ግፊያው አባትየውን ራሱን አስቶ ጣለው። ይህን የምጽፈው የጅማው ኮንሰርት እንዲህ ይሆናል ብዬ ላስፈራራዎት አይደለም፤ በአብዛኛው እንዲህ አይሆንም። ነገር ግን የ11 ዓመት ልጅ ፊቷ የሚውለው በአዋቂ ደረትና ክርን ከፍታ ላይ ነው፤ መድረኩን አታይም፣ መውጫውን አታይም፣ ስትጮኽም የሚሰማት የለም። አባት ያልበቃበትን ግፊያ ደግሞ የ20 ዓመት ልጅ ይበቃበታል ብዬ አልጠብቅም።

የጆሮዋንም ነገር ችላ ማለት አይገባም። በሥራ ቦታ ደኅንነት በሰፊው በሚሠራበት ስሌት አንድ አዋቂ 85 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ድምፅን በቀን ለ8 ሰዓት ሊሰማ ይችላል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው መመሪያ የ15 ደቂቃ አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ብዙ ኮንሰርቶች ግን ይህን ያልፋሉ፤ ድምፅ ማጉያው ሥር የቆመ ሰው ደግሞ ከዚህም የባሰ ይደርሰዋል። ከኮንሰርት ሲመለሱ ጆሮ ጭው የሚለው ድካም ስለሆነ አይደለም፤ የውስጥ ጆሮ ስስ ሕዋሳት ተጎድተው ነው፤ እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ጥጥ መወተፍ በቂ መከላከያ አይደለም፤ ለአዋቂ የተሠራው በጆሮ ቀዳዳ የሚገባው ስፖንጅም በልጅ ጆሮ በደንብ አይገጥምም። ለልጅ የሚሻለው የብረታ ብረት ሠራተኞች እንደሚያደርጉት ያለ ጆሮን ከላይ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መከላከያ ነው።

ስለ ሰዓቱ ብዙ አልልም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት፤ በሩ ከቀኑ 10 ሰዓት ተከፈተ የተባለ ኮንሰርት ደግሞ ዋናውን ዘፋኝ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት መድረክ ላይ ካወጣ ጥሩ ነው። ልጅቷ የመጣችለትን ሰው ለማየት አምስት ሰዓት ቆማ ትጠብቃለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሚሆነው በደከመ ሰውነት፣ ሕዝቡም በሞቀበት ሰዓት ነው። አንድ ምሽት በመዘግየቷ ግን የሚደርስባት ነገር የለም፤ ለእኔ ይህ ከምክንያቶቹ ሁሉ ቀላሉ ነው።

የእኅትዎን ልጅ በሚመለከት፣ ቲኬት መግዛቱ ደግ ልጅ መሆኑን ያሳያል፤ እንደዚያም ይውሰዱለት። ሆኖም የ20 ዓመት ወጣት ኮንሰርት ሲሄድ ብቻውን አይደለም። ጓደኞች አሉት፤ ምናልባትም ሊያያት የሚፈልጋት ልጅ አለች። ለአምስትና ለስድስት ሰዓት እጇን ይዞ፣ ሳይጠጣ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ በር ላይ እየጠበቀ፣ «ደከመኝ» ስትለው የሚወደውን ዘፈን ጥሎ በባጃጅ ቤት እንዲያደርሳት መጠበቅ ለእርሱም ከባድ ሸክም ነው። ሳይችል ቢቀር የሚመጣው ጥፋት ደግሞ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። የልጅ ጥበቃ ኃላፊነት ለወጣት የሚሰጠው ለገበያና ለትምህርት ቤት መንገድ ነው እንጂ ለእንዲህ ያለ ሌሊት አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ካነበቡ «እንግዲያው ባለቤቴ ትክክል ናቸው፤ በጭራሽ ማለት ነው» ሊሉ ይችላሉ። እዚህ ላይ ነው የምለይባቸው፤ የምለይበትንም ምክንያት ከራሴ ስሕተት ተምሬዋለሁ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንድ አባት ስለ 12 ዓመት ልጁ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎኝ «ከልክሉት፣ ይለቀዋል» ብዬ ሸኘሁት። አባትየውም በምክሬ መሠረት ያለ ምንም ማብራሪያ ከለከለው። ልጁ «ለጥናት ጓደኛዬ ቤት አድራለሁ» ብሎ ከጓደኛው ታላቅ ወንድም ጋር ሄደ። በግፊያው መሐል ተለያዩ፤ ጫማው አንዱ ወልቆ ጠፋ፣ ስልኩ ባትሪ ጨረሰ፣ በጨለማ ብቻውን በእግሩ ተመለሰ። በመንገድ ላይ አንድ ሰው ለተወሰነ ርቀት እየተከተለ ክፉ ነገር ሲናገረው እንደነበረም ያወቅነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም ማታ ማታ መተኛት አቅቶት እኔ ዘንድ ሲመጣ። «ለምን ለአባትህ አልነገርከውም?» ብዬ ስጠይቀው «ብነግረው መሄዴን ያውቅብኛል» አለኝ። ያ ልጅ የተጎዳው ኮንሰርት በመሄዱ ብቻ አልነበረም፤ ችግር ሲደርስበት ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቃል አጥቶ ነው። ያን ቃል ያሳጣው የአባቱ ክልከላ ደግሞ የእኔ ምክር ነበረበት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ክልከላው ምክንያቱ የሚነገርበት፣ ልጅቷም የምትሰማበት ይሁን። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም ከዕድሜውና ከብስለቱ ጋር የሚመጣጠን ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። ሐሳቧ ይሰማ ማለት የፈለገችው ይሁን ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ከባለቤትዎ ጋር ለብቻችሁ ተነጋግራችሁ አንድ ቃል ያዙ። በምክንያት ባትስማሙ እንኳ በውሳኔው ተስማሙ፤ «እኔ እሺ ነበርኩ፣ አባትሽ ነው» የሚል ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ። ከዚያ ልጅዎን ከቡና በኋላ፣ እንግዳ በሌለበት፣ ቁጭ አድርገው መጀመሪያ ይጠይቋት፦ ከዚህ ኮንሰርት በጣም የጓጓሽው ለምኑ ነው? መልሷን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻ ያድምጡ። ብዙ ጊዜ መልሱ ዘፋኙ አይደለም፤ ሰኞ ክፍል ውስጥ ሁሉም ስለ ኮንሰርቱ ሲያወራ የምትለው ነገር ማጣቷ ነው።

ከዚያ በራስዎ አነጋገር፣ በዚህ መንፈስ ይንገሯት፦ «የምትወጂውን ሙዚቃ ጠልቼብሽ አይደለም። ካንቺ ጋር እሰማዋለሁ፤ የማይገባኝን ታስረጂኛለሽ፣ የማይገባሽን ትጠይቂኛለሽ። የማልፈቅድልሽ ሌሊቱን ነው። የሚመጣው ሕዝብ አዋቂ ነው፣ ይጠጣል፣ ይገፋፋል፤ አንቺ በመሐሉ ስትሆኚ ማንም አያይሽም። ይህን የምወስነው ባንቺ ስለማላምን አይደለም፤ በዚያ ቦታ ስለማላምን ነው።» ታለቅስ ይሆናል፤ በር ትዘጋ ይሆናል፤ ለሁለት ቀን አታናግርዎትም ይሆናል። «ትጠላኛለች» ብለው የፈሩት ይህን ከሆነ፣ ይህ ኩርፊያ እንጂ ጥላቻ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ምክንያቱ ተነግሯት የተከለከለችውን ነገር ትቆጣበታለች፤ የተናቀችበትን ነገር ግን ትይዘዋለች።

«ከክፍላችን የምቀረው እኔ ብቻ ነኝ» የምትለውንም እንደ ውሸት አይቁጠሩባት፤ እርሷ የሚሰማት እንደዚያ ነው። ነገር ግን የሚሄዱትን ሦስት ልጆች ስም ትንገርዎትና ለእናቶቻቸው ይደውሉ። በእኛ ከተማ በዕድርም በማኅበርም ሳንተዋወቅ የምንቀር ጥቂቶች ነን፤ አንዷን ባያውቋት የምታውቃት ጎረቤት አትጠፋም። በተደጋጋሚ እንዳየሁት ከሦስቱ እናቶች ሁለቱ ስለ ኮንሰርቱ ጨርሶ አልሰሙም፤ ሦስተኛዋም «የእናንተ ልጅ እየሄደች ነው ስለተባልኩ ነው» ትላለች። እንዲያውም የቀሩትን ልጆች በዚያ ቅዳሜ ቤትዎ ቢሰበስቧቸው፣ ፈንዲሻ ቢፈካላቸው፣ ሙዚቃ ከፍተው ቢጨፍሩ፣ ሰኞ ክፍል ውስጥ የሚወራው ታሪክ አንድ ብቻ አይሆንም። የሚከፈተውን ዘፈን እርሷ ትምረጥ፤ እርስዎ አስቀድመው ከእርሷ ጋር ይስሙት።

መልሴ የሚለወጥበት ሁኔታ አለ ወይ ቢሉኝ፣ አለ። እርስዎ ወይም አባቷ ራሳችሁ ይዛችኋት የምትሄዱ፣ ትኬቱም የመቀመጫ ከሆነና ሜዳው ላይ የማትወርዱ ከሆነ፣ ከአዘጋጆቹም ጠይቃችሁ የዕድሜ ገደብ እንደሌለ ካረጋገጣችሁ፣ የጆሮ መከላከያ ካደረገች፣ የምትመለሱበትንም ሰዓት ዘፈኑ ቢጣፍጥ ባይጣፍጥ አስቀድማችሁ ከቆረጣችሁ፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ መልክ የሄደች ልጅ ያየችውን ነገር በማግስቱ የምትጠይቀው ሰው አላት። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህንን ከመከልከል የተሻለ ትምህርት አድርገው ያዩታል፤ ለ14 እና ለ15 ዓመት ልጅ እኔም እስማማለሁ። ለ11 ዓመት ልጅ፣ እርስዎ ከገለጹት የግጥም ይዘት ጋር፣ እኔ ብሆን አሁንም አልወስዳትም፤ ዘፋኞች ሬዲዮ ላይ የሚያለሰልሱትን ቃል መድረክ ላይ እንዳለ ይሉታልና። ነገር ግን እርስዎ ሁኔታውን አይተው በእነዚህ መስፈርቶች ይዘዋት ቢሄዱ ጥፋት ሠሩ አልልም።

ዘፈኖቹን አብሮ መስማት ያልኩትን ደግሞ ለይስሙላ እንዳያደርጉት። ሦስት ዘፈን እርሷ ትምረጥ። ስትሰሙ ስልኩን ከእጇ አይንጠቁ፤ ክፉ ቃል ሲመጣም ፊትዎን አያጨማዱ፣ ያን ጊዜ እርሷ ማየት የምትጀምረው ዘፈኑን ትታ የእርስዎን ፊት ነውና። ዘፈኑ ሲያልቅ «እዚህ ውስጥ ያለችውን ልጅ ብትሆኚ ምን ይሰማሻል?» ብለው ይጠይቋት። አንዱን ዘፈን ወደውት ከሆነ እንደወደዱት ይንገሯት። ሰውን የሚያዋርድ ሆኖ ካገኙት ደግሞ «ይህኛው በቤታችን አይከፈትም» ይበሏትና የትኛው ስንኝ እንደሆነ ያሳይዋት። ስልኩ ላይም ከአንዳንድ ዘፈኖች ርእስ አጠገብ «ኢ» ተብላ የምትነበብ የላቲን ፊደል በትንሽ ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ ያያሉ፤ ለአዋቂ የሚሆን ቃል አለበት የሚል ምልክት ናት፤ ባትኖርም ግን ዘፈኑ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ምልክቱን የሚያደርገው ዘፈኑን የሚያቀርበው ወገን ነውና።

ለእኅትዎ ልጅ ደግሞ ውሳኔውን ልጅዎ ከመስማቷ በፊት እርስዎ ራስዎ ደውለው ይንገሩት፤ ከእርሷ ልቅሶ እንዳይሰማው። ለቲኬቱ ያወጣውን ይመልሱለት፤ አልቀበልም ካለ አያስገድዱት። አንድ ነገር ብቻ ይለምኑት፦ በዚያ ምሽት ከሜዳው ቪዲዮ ቀጥታ እንዳይልክላት፤ በማግስቱ ግን ቤታችሁ መጥቶ ምሳ እየበላ እንዴት እንደነበረ እንዲያጫውታት።